ጋን አጣኟ አንጓች

ድሮ ነው። እንኳን እኔ እናቴም ሳትታሰብ፣ ሰንበሬ ገና ሠላሳ ጭስ ብቻ ሳለች፣ አንጓች የምትባል ጋን አጣኝ በዚህች መንደር ነበረች። ቀረብ በሉና ስሙ። እኔ ከእናቴ ሰማሁ፤ እናቴ ከእናቷ ሰማች፤ አያቴ ደግሞ ከራሷ ከጥፋተኛይቱ አፍ ሰማች። ጥፋተኛይቱ ይታክቱ ትባላለች፤ አያቴን የወለደች ናት። እንግዲህ ሰው ታማለች እንዳትሉኝ፤ የማማው የራሴን ዘር ነው።

አንጓች ከመንደሩ ጫፍ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ በአንዲት ጎጆ ትኖር ነበር። ባሏ ቀደም ብሎ ሞተ። አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ እሷንም ፈንጣጣ ወሰዳት። ልጅቱ የተቀበረችው በኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ነው። አንጓች እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ እዚያ ትቀመጣለች፤ ከመቃብሩ ላይ አረም ትነቅላለች፤ ሰው ሲያልፍ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ ታደርጋለች። ከሰንበሬ ሰው የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ስሞት ከልጄ ጎን አድርጉኝ ትል ነበር። ሌላ አልጠየቀችም።

ሥራዋ ጋን ማጠን ነው። ጋን ማጠን ማን ያቅተዋል ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሁሉም ቤት ያጥናል። ጋኑን በግራዋ አጥቦ፣ ወይራ አጭሶ፣ በአፉ ደፍቶ ማቆየት ነው። የአንጓች ግን ሌላ ነበር። እሷ ያጠነችው ጋን ጠላው እስኪያልቅ አይኮመጥጥም። ወይራውን እንደ ሰው ለይታ ታውቀዋለች። ይህ የአፋፍ ወይራ ነው፣ ንፋስ ያደረቀው ነው፣ ጭሱ ዓይን ይቆጠቁጣል ትላለች። ይህ የቆላ ነው፣ ፀሐይ የጠጣ ነው፣ ቶሎ ይነዳል ትላለች። ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ብቻ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ሴቱ ሁሉ ጋኑን ተሸክሞ እሷ ደጅ ይሰለፋል። የሚነሣ ወሬም ሁሉ እዚያ ይነሣል፤ ሴት ወረፋ ስትጠብቅ ምን ታድርግ።

የኪዳነ ምሕረቱ ወይራ ግን አይነካም። ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም ነበር። ርግብ ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረችው በወይራ ቅጠል ነው፣ ስለዚህ ይህ ዛፍ የምሕረት ምልክት ነው ይላሉ ቄሶቹ። በራሱ ጊዜ ደርቆ የወደቀውን ገበዙ ይለቅመዋል፤ ፍሙ ለጽናው ይሆናል። ካህኑ ሲያጥኑ ከዕጣኑ በታች የሚሸተው እሱ ነው። የሰንበሬ ሰው ክርስትና ከተነሣበት ቀን ጀምሮ ያን ሽታ ያውቀዋል። ስቅለት ለት ደግሞ ዲያቆናቱ ከዚያው ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ ይቀነጥሳሉ፤ ቄሱም ንስሐ የገባውን ሕዝብ ጀርባውን በቅጠሉ መታ መታ እያደረጉ ይህን ያህል ስገድ ይሉታል፤ ይህ ጥብጣብ ይባላል። ከዚህ ውጭ በዛፉ ላይ ብረት ያሳረፈ ሰው አልነበረም።

ሌላው ወይራ ግን አልቆ ነበር። የማያልቅበት ምክንያት የለም። ምሰሶው ወይራ፣ ዱላው ወይራ፣ ሞፈሩ ወይራ፤ ምስጥ አይበላውማ። በመጨረሻ አንድ እንጨት የሚሻ ሰው የቀን መንገድ ወደ ቆላ መውረድ ግድ ሆነበት።

በዚያ ዘመን በመጋቢት ዝናብ ጣለ። ሰዉ ሁሉ በሬውን ጠምዶ ወጣ። የይታክቱ ባል ባዘዘውም ወጣ። አንድ ትልም እንደሄደ ከማረሻው ጎንና ጎን የሚታሰረው ድግሩ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ እንክት አለ። ድግር ከሌለ ማረሻው አፈር አይገልጥም፤ ዝናቡ ደግሞ ድግር እስኪጠረብ አይጠብቅም። ባዘዘው በማግስቱ ማለዳ ወጣ፤ ጠል ሳይረግፍ ጥሩ ወይራ ተሸክሞ ተመለሰ። ከየት አመጣኸው ስትለው ከቆላ ሰው ተቀበልሁ አላት። ይታክቱ የሰው ጓዳ ቆጥራ የምትጨርስ ሴት፣ የራሷን ጓዳ አልመረመረችም። ከድግሩ የተረፈውን ፍላጭና ፍቅፋቂ ጠርጋ በቅርጫት አኖረችው። ለጋን ማጠኛ ይሆነኛል አለች።

የመጀመሪያው ፈተና እንግዲህ በዚህ ቅርጫት መጣ።

ይታክቱ ጋኗንና ቅርጫቱን ይዛ አንጓች ደጅ ደረሰች። ከአንቺ ወይራ ላይ አላጎድልም፣ የራሴን ይዣለሁ አለቻት፤ ጋኑን አስቀምጣ ሄደች። አንጓች ከቅርጫቱ አንድ ፍላጭ አወጣች፣ ፍም ላይ ጣለች። ጭሱ ተነሣ። አንጓች አፍንጫዋን አቀናች። የቅዳሴ ሽታ ነው። ልጇን የቀበሩበት ቀን የሸተታት ሽታ ነው። ፍሙን በአመድ አፈነችው። ከዚያ ተቀመጠችና አሰበች። ይህ እንጨት ከማን ዛፍ እንደሆነ አወቀች። ከማን ቤት እንደ መጣ አወቀች። ይታክቱ ቆርጣ እንዳላመጣችው፣ ብታውቅማ በቅርጫት አድርጋ በጠራራ ፀሐይ እንደማታመጣው አወቀች። የባዘዘው ድግር መሰበሩን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።

አንጓች ቅርጫቱን ከአልጋዋ ሥር አስገባች። የይታክቱን ጋን በራሷ ወይራ አጠነችው። 

ጭሱ ግን አንዴ ወጥቷል። ጭስ ደግሞ አይመለስም። ይታክቱ ጋኗን ልትወስድ ስትመጣ አሸተተችው። እንደ እሷ ያለ አፍንጫ የት ይገኛል። አንጓች ቤት ቅዳሴ ቅዳሴ ይሸታል አለች ለአንዷ። አንዷ ለሌላዋ አለች። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። የአንጓች ጋን ቄስ ሆኗል፣ ጠላውን ቆመን ነው የምንጠጣው ይሉ ነበር። ውኃ ሲቀዱ ይስቁ ነበር። አንጓች ስታልፍ መስቀል ያሳልሙን የምትል ተንኮለኛም አልጠፋችም። 

ሁለተኛው ፈተና በሰሙነ ሕማማት መጣ።

አንጓች እንቅልፍ አጣች። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ በቤት ማኖር ኃጢአት ነው። በጠላ ጋን ውስጥ ማጨሱ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ለገበዙ ወስዳ ብትሰጥ ከየት አመጣሽው ይላታል፤ ያኔ ሰውየው ተጠራ ማለት ነው። ስለዚህ ረቡዕ ማለዳ ፍላጩን በቅርጫት አደረገች፣ የግራዋ ቅጠል አለበሰችው፣ ገበዙ ከሚያከማቸው እንጨት ጋር ቀላቅላው ልትመለስ ወጣች። ከቅጥሩ በር ስትደርስ ይታክቱ ለስግደት መጣች። ንፋስ ቅጠሉን ገለጠው።

ምንድን ነው የያዝሽው አለቻት ይታክቱ። አንጓች ዝም አለች። የሚዋሽ ሰው አንድ ነገር ይናገራል፤ መዋሸት የማይችል ዝም ይላል። ቅርጫቷን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ይታክቱ ያየችው እንግዲህ ይህን ነው፤ አንጓች ከቤተ ክርስቲያን በር፣ የወይራ ፍላጭ ሸፍና፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ። ዓይኗ አልዋሻትም። ጎረቤት እኮ የሚያየው የሰውን ጀርባ ነው፤ ከፊት ምን እንደነበረ ማን ይነግረዋል። የራሷን ቅርጫት እንኳ አላወቀችውም፤ የሰንበሬ ቅርጫት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ አንዲት ሴት ነች የምትሰፋው።

ስቅለት ደረሰ። ዲያቆናቱ ቅርንጫፍ ሊቀነጥሱ ወጡ። ከዛፉ በስተጀርባ፣ ግንቡ በኩል፣ የሰው ጭን የሚያህል ቅርንጫፍ በመጥረቢያ ተቆርጦ አገኙት። ቁስሉ ጭቃ ተለቅልቆ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቀረ። ይታክቱ ያሸተተችውን ተናገረች፤ ያየችውንም ተናገረች። ሰዎች አንጓች ቤት ገቡ፤ ቅርጫቱን ከአልጋዋ ሥር አወጡት። አንቺ ነሽ ወይ አሏት። አልቆረጥሁም አለች። ታዲያ ማን ነው አሏት። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

መምሬ አድማሱ ቁጡ ሰው ነበሩ። ጥብጣቡ ሲደርስ ለሰው ሁሉ አርባ አንድ ስገድ ሲሉ ዋሉ። አንጓች ጀርባዋን ስትሰጥ ቅጠሉን ከፍ አድርገው አሳረፉና ሦስት መቶ አሉ። ሕዝቡ ሰማ። አንጓች ነጠላዋን አደግድጋ መስገድ ጀመረች። ሰው አርባ አንዱን ሰግዶ ተበተነ፤ እሷ ትወድቃለች፣ ትነሣለች። ከግንቡ ጥግ አንድ ሌላ ሰውም ቀርቶ ይሰግድ ነበር፤ እሷ ስትወድቅ ይወድቃል፣ ስትነሣ ይነሣል። ባዘዘው ነው። ይታክቱ በር ላይ ቆማ ስታየው ልቧ ሞላ። የኔ ባል እንዴት ያለ መንፈሳዊ ሰው ነው አለች። ይህን እሷው ናት ለልጇ የተናገረችው፤ ስትናገረውም ፊቷን ሸፍና ነበር ይባላል።

ፋሲካ ዋለ። አንጓችን ነይ ብዪ ያላት ቤት የለም። እሳት ልትጫር ብትሄድ እሳታችን ጠፍቷል አሏት፤ ጭሱን እያየችው። ጋኑን ሁሉ ወሰዱባት፤ ያልታጠነውንም ወሰዱት።

ሦስተኛው ፈተና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መጣ። እሱ አውጫጭኝ ነው። አውጫጭኝ ሲጠራ የመንደሩ ሰው በሙሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ ከብት ቢጠማም አይሄድም። ተሰብሳቢው በዚያው በቆሰለው ወይራ ሥር ተቀመጠ። መምሬ አድማሱ መስቀሉን ያዙ። ጭቃ ሹሙ ፍርዱን አስቀድሞ ተናገረ። የቆረጠው ሰው ከሰንበሬ ይነቀላል፤ ጎጆው ይፈርሳል፤ ሲሞትም በዚህ ቅጥር አይቀበርም፣ ፍትሐት የለውም። ይህን ሲል ሰው ሁሉ ወደ አንጓች ዞሮ አየ። አንጓች ወደ ልጇ መቃብር አየች። ከተቀመጠችበት ዐሥር እርምጃ አይሆንም።

ቃሉ እንዲህ ነበር፤ ይህን ወይራ አልቆረጥሁም፣ የቆረጠውንም አላውቅም፣ ብዋሽ ዘሬን ያጥፋው። መጀመሪያ አንጓችን አስነሡ። መስቀሉን ያዘች። ይህን ወይራ አልቆረጥሁም አለች። ቆመች። መምሬ ቀጥይ አሏት። አልቀጠለችም። የቆረጠውንም አላውቅም በዪ አሏት። መስቀሉን መለሰችላቸው። ሕዝቡ አጉረመረመ። ግማሽ መሐላ የሌባ መሐላ ነው አሉ። ግማሹን መማሏ እውነቷን መሆኑን፣ ሌላውን ያልማለችውም እውነቷን መሆኑን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ነበረ እንጂ፤ አንድ ሰው ነበረ፣ እሱ ግን ተራውን ይቆጥር ነበር።

ወንዶቹ በተራ ተነሡ። እያንዳንዱ ማለና ተቀመጠ። ተራው ባዘዘው ላይ ደረሰ። ባዘዘው አራት ልጆች አሉት፤ አራቱም ከእናታቸው ጋር ተቀምጠው ያዩታል። ወደ መስቀሉ ሄደ። እጁን ዘረጋ። ይህን ወይራ ብሎ ጀመረ። ቀጣዩ ቃል አፉ ውስጥ ነው፤ ዘሬን ያጥፋው የሚለውም ከኋላው ይከተላል።

አንጓች ተነሣች።

«መምሬ፣ ይብቃ» አለች። «ይህን ሰው አያምሉት። ልጆች አሉት። ነገሩ በእኔ ይሁን፤ ጎጆዬንም አፍርሱት፣ መቃብሬንም ውሰዱት።»

ሰዉ ይኸው አመነች አለ። ጭቃ ሹሙ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። ባዘዘው ግን እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። ያን ጊዜ ገባው። ይህች ሴት ታውቃለች። ከመጋቢት ጀምሮ ታውቃለች። እሱ እንዳይምል ብላ የልጇን ጎን ሰጠች። ቆረጥሁ አላለችም፣ በእኔ ይሁን ነው ያለችው፤ ይህንም ከዚያ ሁሉ ሰው የሰማው እሱ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ባዘዘው።

ይታክቱ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «ኧረ መምሬ፣ አይስሙት። የኔ ባል ሆደ ቡቡ ነው፤ አዘነላት መሰለኝ።»

«ቁጭ በዪ አንቺ ሴት» አላት ባዘዘው። በትዳራቸው እንዲህ ተናግሯት አያውቅም። «ድግሬን አምጡት።»

ድግሩን ከነሞፈሩ አመጡት። ከዛፉ ቁስል አስጠጉት። ከዛፉ ላይ በቀረው የቅርንጫፉ ጉማጅ ልብ ውስጥ ጥቁር መስመር እንደ እባብ ተጠማዞ ይሄድ ነበር፤ ድግሩ ላይም ያው መስመር ያንኑ ጠመዝማዛ ይዞ ይወጣል። ከዚያ ቅርጫቱን አመጡ። ባዘዘው ይህ የድግሬ ፍቅፋቂ ነው አለ። ይታክቱ ቅርጫቱን አየች። በመጋቢት በገዛ እጇ ጠርጋ የሞላችው፣ በገዛ እጇ አንጓች ደጅ ያደረሰችው ነው። ሰንበሬን ሙሉ ያዞረችው ጭስ ከገዛ ቤቷ የወጣ ጭስ ነው። ነጠላዋን ጭንቅላቷ ላይ ጥላ ተቀመጠች።

ባዘዘውን አልነቀሉትም። አንጓች ለምናለታለች። የከረመ ጋን ቢሸት አጥበን እናጥነዋለን እንጂ እንሰብረዋለን ወይ አለች። መምሬም ያን ክረምት የቤተ ክርስቲያኑን መሬት በዚያው ድግር እንዲያርስ ፈረዱበት፤ ድግሩም ከዚያ በኋላ የኪዳነ ምሕረት ሆኖ ቀረ። መምሬ ራሳቸው በማግስቱ፣ በዓለ ሃምሳ ስግደት የለበትም ሳይሉ፣ በራቸውን ዘግተው ሦስት መቶ ሰገዱ ይባላል። ያየ ሰው የለም፤ ቅዳሜ ግን ሲያነክሱ ያየ ብዙ ነው።

ይታክቱ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። ለእሷ ሦስት ቀን ዝም ማለት ሦስት ዓመት ነው። በአራተኛው ቀን እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በትከሻዋ ተሸክማ፣ ጎረቤት እያያት፣ አንጓች ደጅ ሄደች። አንጓች መሬት ላይ ተቀምጣ ወይራ ትፈልጥ ነበር። ይታክቱ በጉልበቷ ወደቀችና ጀመረች። ጭሱን ያወራሁት እኔ ብሆንም ቄስ ሆኗል ያለችው እንትና ናት አለች። ሰውየውም ከቆላ ነው ብሎ አታሎኝ ነው አለች። ቅርጫቱም ቢሆን ሁሉም አንድ ዓይነት ነው አለች። ገና ብዙ ነበራት።

አንጓች ከሚፈለጠው ላይ አንድ ቀጭን እንጨት አነሣች። ልጡን ላጠችው፤ ጫፉን በጥርሷ አኘከችው። ሰጠቻት።

«እትዬ ይታክቱ» አለቻት። «መጀመሪያ ጥርስሽን ፋቂ። ስትጨርሺ ትናገሪያለሽ።»

ይታክቱ ድንጋዩን እንደ ተሸከመች ተቀብላ ትፍቅ ጀመር። ወይራ መራራ ነው፣ ታውቁታላችሁ። አፍ ይሞላል፤ ምላስ ይያዛል። እየፋቁ ወሬ አይሆንም። አንጓች መፍለጧን ቀጠለች። ፀሐይ ከደጁ እስከ ጎጆው ምሰሶ ሄደች። ይታክቱ እንትናን ልትጠራ አስባ ነበር፤ ፋቀችና ተወችው። ባሏን ልትከስ አስባ ነበር፤ ፋቀችና ተወችው። ስለ ቅርጫቱም ፋቀችና ተወችው። በመጨረሻ ተፋችው፤ አፏን በነጠላዋ ጠረገች። ከዚያ ሁሉ ንግግር አፏ ውስጥ የቀረው አንድ ቃል ነበር።

«አጠፋሁ» አለች።

«ድንጋዩን አውርጂው» አለቻት አንጓች። «ጋንሽን ደግሞ ነገ አምጪው፤ ለግንቦት ልደታ ይደርሳል።»

አንጓች ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረች። ስትሞት ከልጇ ጎን ተቀበረች፤ ድንጋዩ አሁን ሰምጧል፣ ቦታውን ግን ማንም ያሳያችኋል። ዛፉም አልሞተም። ወይራ ቢቆረጥ ከቁስሉ ያቆጠቁጣል፤ የስቅለት ቅርንጫፍ ዛሬ የሚቀነጠሰው ከዚያ ካቆጠቆጠው ነው።

እንግዲህ ሌላ አገር የሌለ ደንብ ሰንበሬ ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። ሰው በሰው ላይ ነገር ይዞ ሽማግሌ ፊት ሲመጣ፣ ባለጸጋም ይሁን ለማኝ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ አስቀድሞ የወይራ እንጨት ይሰጠዋል። የአንጓችን ፍቀህ ተናገር ይሉታል። ተቀምጦ ይፍቃል፤ ሽማግሌዎቹም ፊታቸውን ወደ ገደሉ መልሰው ይጠብቁታል፣ አያጣድፉትም። ከዐሥሩ ስድስቱ ፍቀው ሲጨርሱ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አራቱ ይናገራሉ። የእነዚያን የአራቱን ቃል ሰንበሬ ተነሥቶ ይሰማል።